ኩባያሽን ይዘሽ ነይ

በዚህ ዓመት ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ በወግ ሸኘኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ምስክር ወረቀት በመስተዋት ተደርጎ ተሰጠኝ፣ አንዲት ወጣት ነርስም ማይክራፎኑን ይዛ «ሲስተር እናንዬ በሥራ ዘመናቸው አንድም ሕፃን ፊት አልነሡም» አለች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ፈገግ ብዬ አብሬ አጨበጨብሁ ማለት ይቻላል። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ያቺ ልጅ ያለችው ነገር አላስቀምጥ አለኝ፤ እውነት አይደለማ። አንዲት ሕፃን ፊት ነሥቻለሁ፣ ልጅቱም ሞታለች። እናቷ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥፋቱን የራሷ አድርጋ ተሸክማዋለች። ይህን የምጽፈው ሸክሙ የማን እንደሆነ ለመናገር ነው፤ ከመጀመሪያው ካልጀመርሁ ግን አይገባም።

ሥራ የጀመርሁት እንፍራንዝ ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ነጭ ጋወኔን በየቀኑ እየተኮስሁ፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ሄድሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ አቶ ፈንታሁን የሚባሉ ድሬሰር አገኘሁ። ድሬሰር ዛሬ የጠፋ ማዕረግ ነው። ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሮ፣ የቀረውን ሁሉ ከበሽተኛው የሚማር ሰው ማለት ነበር። አባታቸው ከጣና ደሴቶች በአንዱ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ። እሳቸውም በዜማ ትምህርት ጾመ ድጓ ላይ ደርሰው ነው ትምህርቱን ትተው ወደ ሕክምናው የመጡት። በማዕረግ እኔ አለቃቸው ነበርሁ። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አስታወስኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት አፈርሁ።

ሕፃን ሲመጣ እኔ «ምን ሆነ?» እል ነበር፤ እሳቸው «ስሙ ማነው?» ይላሉ። ስሙን ከሰሙ በኋላ በዚያው ስም እየጠሩት እናቲቱ የተቀመጠችበት ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸውን እናቲቱ እያየች ይታጠባሉ፣ ከዚያ ብብታቸው ውስጥ ያሞቁታል፤ ቀዝቃዛ እጅ ልጅን ያስደነግጠውና ትንፋሹን ያስዋሸዋል ይሉ ነበር። የሳንባ ምች እንዳለበት ለማወቅ ትንፋሽ የሚቆጥሩት ልጁ ጡት ይዞ ወይም ተኝቶ ሳለ ነው። ሰዓታቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና ዓይናቸውን ከደረቱ ሳይነቅሉ በግእዝ፣ ዜማ ለመሆን ትንሽ በቀረው ድምፅ፣ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ እያሉ ሙሉ ደቂቃውን ይቆጥራሉ። አንድ ቀን እኔ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ በሁለት ሳባዛ አዩኝ።

«እናንዬ፣ የቀረውን ግማሽ ለማን ተውሽው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ አላውቅም።

በተቅማጥ የደረቀ ሕፃን ሲመጣ ደግሞ ጥበባቸው ሌላ ነበር። ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጦ በማንኪያ ማጠጣት ማንም ያውቃል። ልጅ ግን ያንን ጨው ጨው የሚል ውሃ አይወድም፤ ፊቱን ያዞራል፣ ይተፋል፣ እናቲቱም ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። አቶ ፈንታሁን ኩባያውን ይወስዱና ራሳቸው አንዴ ፉት ብለው ከንፈራቸውን ይመጠምጣሉ። ልጁ ያያቸዋል። እንደገና ፉት ይላሉ። በሦስተኛው ልጁ እጁን ወደ ኩባያው ይዘረጋል። «ልጅ ብቻውን አይጠጣም» ይሉ ነበር። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም፤ እኔ ግን ስንት ልጅ በዚህ ሲነሣ አይቻለሁ። ስንማር ኩባያ በየመሃሉ በሳሙናና በፈላ ውሃ መታጠብ እንዳለበት ተምረን ነበርና ያንን እኔ ጨመርሁበት። አንድ ነገር አስተማርኋቸው ብዬ ለወር ያህል ተኩራራሁ።

ቀጥሎ ወንዛዬ ተዛወርሁ። እዚያ ሰው የታመመ ልጁን መጀመሪያ ይዞ የሚሄደው ወደ ፍል ውሃው ነው፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው ፍል ውሃው ሳይሆንለት ሲቀር ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ቁጡ ነበርሁ። በኩፍኝ የጋለ ልጅ ፍል ውሃ ውስጥ የነከረችን አንዲት አሮጊት በሰው ፊት ገሠጽኋት፣ በማግሥቱ ጤና ጣቢያው ባዶ ሆነ። ለአቶ ፈንታሁን ደብዳቤ ጻፍሁ። መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፤ «ሰዉ ፍል ውሃው ጋ ካለ አንቺ ጤና ጣቢያው ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» የክትባት ሣጥኔን ተሸክሜ ፍል ውሃው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። በረዶው እንዳይቀልጥ፣ ክትባቱም በረዶው ላይ ተለጥፎ እንዳይበላሽ በጋዜጣ መጠቅለል የተማርሁት እዚያ ነው። ያቺው አሮጊት የመጀመሪያዋን የልጅ ልጇን ይዛ መጣች፤ ልጅቱ ስትወጋ ግን አሮጊቷ እኔን ሳይሆን መርፌውን ተቆጣች።

ከዚያ ባለቤቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ሥራ አገኘና ተከትዬው ገባሁ። ደመወዜ ለጥቂት ወራት በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ጠፍቶ ነበር፤ እሱን ልተወው። የተመደብሁበትን ጤና ጣቢያ ስም አልጠራም። ለሐይቁ ቅርብ እንደነበር ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ሕፃናት ሕይወት አድን የሚጠጡበትን ጥግ አየሁ፤ አግዳሚ ወንበር፣ ጀሪካን፣ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሁለት ኩባያ። አንዱ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፣ አንዱ ጠርዙ የተላላጠ የቆርቆሮ።

«የቆርቆሮው የሐይቅ ዳሮቹ ነው» አለችኝ ጽዳት ሠራተኛዋ። «እንዳይቀላቀል።»

የሐይቅ ዳሮቹ ያለቻቸው ነገደ ወይጦን ነው። ሐይቁን ከማናችንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያሠግራሉ፣ ሴቶቻቸው ሰፌድና ቅርጫት ይሰፋሉ። ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ የከተማው ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም፣ አጠገባቸውም አይቀመጥም ነበር፤ የዚያ ዘመን ምግብ ከቀረ በኋላም መጸየፉ አልቀረም። የወገናቸውን ስም ባዶውን መጥራት ስድብ ስለነበር ሰው በፊታቸው «እነዚያ» ይላል። ጤና ጣቢያው ውስጥም ተራቸው ከሁሉ ኋላ ነበር። ሕግ ሆኖ የተጻፈ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ቦታ አይለቀቅላቸውም፣ ካርድ ክፍሉም የቤት ቁጥር ይጠይቃቸዋል። የሰፈሩበት መሬት ስላልተመዘገበ የቤት ቁጥር የላቸውም። ቁጥር ከሌለ ካርድ የለም፣ ካርድ ከሌለ ቆመው ይጠብቃሉ።

ይህን ሁሉ አየሁና ምን አደረግሁ? ምንም። ሁለቱም ኩባያ ታጥቧል፣ ሁለቱም የሚይዘው አንድ ውሃ ነው፣ ምን ልዩነት አለው አልሁ። አዲስ ሰው ነኝ፣ ከሰው ጋር ልጣላ አልፈለግሁም። አንድ ነገር ግን ከራሴ ጋር እንኳ ሳልነጋገር ተውሁ። ከኩባያው ፉት ብሎ ልጁን ማባበሉን ተውሁ። ከሰማያዊው ብጠጣ ከቆርቆሮውም መጠጣት ነበረብኛ፤ ሰዉ ደግሞ ያያል።

የክረምቱ መግቢያ ነበር። በዚያ ወቅት ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ሁሉ ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ሕፃናትም በተቅማጥ ይረግፋሉ። ጥዋት ነው፣ ግቢው ሞልቷል። አንዲት በጣም ወጣት ሴት ልጅ አዝላ ከሰዉ ኋላ ቆማለች። ከለበሰችው ሻርፕም ከቆመችበት ቦታም ከማን ወገን እንደሆነች አወቅሁ። ከጎኗ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት አሉ። ጠራኋት። ልጅቱን ከጀርባዋ አወረደቻት፣ የዓመት ከምናምን ትሆናለች። ዓይኗ ጎድጉዷል። ያኔ የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚመለስ ማየት ነበረብኝ። ስሟን መጠየቅ ነበረብኝ። ሌላ ልጅ እያለቀሰ፣ ሌላ ሴት እጄን እየጎተተች ስለነበር ወደ መደርደሪያው ዘወር አልሁ። የቆርቆሮው ኩባያ የለም።

«የቆርቆሮው የታለ?» አልሁ።

ጽዳት ሠራተኛዋ አላየሁትም አለች። ሰማያዊው መደርደሪያው ላይ ነው። ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ደርቋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እናቶች እጄን ያያሉ።

«ቤትሽ ሩቅ ነው?» አልኋት።

«ቅርብ ነው እመቤት፣ ሐይቁ አፍ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ኩባያሽን ይዘሽ ነይ።»

አልጮኽሁባትም። በለሆሳስ ነው የነገርኋት፣ እንዲያውም ትከሻዋን ነካ አድርጌ። «እሺ» አለችና ልጅቱን አዝላ ሮጠች። ሴትዮዋም ተከተሏት። እኔ ወደሚቀጥለው ልጅ ዞርሁ።

ስትመለስ ቀትር ሊሆን ነበር። በእጇ አበባ የተሣለበት አዲስ ኩባያ ይዛለች፣ አልቧታል፣ ትስቃለች ማለት ይቻላል፤ አመጣሁት የማለት ዓይነት። ልጅቱን ሳወርዳት አንገቷ አልቆመም። በማንኪያ ያደረግሁላት ውሃ በከንፈሯ ጎን ወረደ። ደም ሥር ፈለግሁ፤ በክንዷ፣ በእግሯ፣ በራሷ ላይ። ሥሯ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከቢሮው እስኪመጣ ድረስ እጄ ላይ አለቀች።

ያኔ ያልሁት ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ቀና ብዬ እናቲቱን አየኋትና፣ ሸምገል ያሉት ሴት አጠገቧ ቆመው እየሰሙ፣ «ምነው ዘገየሽ?» አልኋት።

በእሑዱ አቶ ፈንታሁን ዘንድ ሄድሁ። ጡረታ ወጥተው ዓባይ ማዶ ትንሽ ቤት ሠርተው ነበር የሚኖሩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸውና አለቀስሁ። አላባበሉኝም።

«ስሟ ማነው?» አሉኝ።

አላውቀውም። መዝገብ ላይም የለችም፤ ካርድ ሳይወጣላት ነው የመለስኋት። የዚያን ቀን መዝገብ ያየ ሰው ጤና ጣቢያው ሕፃን አልሞተበትም ይላል።

«ስሟን ሳታውቂ ነው የምታለቅሽላት?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ሂጅና ጠይቂ።»

በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። አንድ ሽማግሌ ደንገል ያስራሉ። ሰሞኑን የሞተችው ሕፃን ቤት የቱ ነው አልኋቸው። በአገዳው ጠቆሙኝ። «የአሊ ልጅ ናት፣ ሐሊማ። እናቷ ዘይነባ ናት» አሉ። ከሩቁ አየሁ። ሴቶቹ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፣ ያቺ ወጣት እናት ግን ከእነሱ ፈንጠር ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ለብቻዋ ናት። አጠገቧ ማንም የለም። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ወይም ላውቅ አልፈለግሁም። ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ።

«ሐሊማ» አልኋቸው ለአቶ ፈንታሁን።

«ሐሊማ» አሉ እሳቸውም፣ ቀስ ብለው። «ለእናቷስ የሆነውን ነገርሻት?»

«አልቻልሁም።»

«ትነግሪያታለሽ» አሉኝ፣ መቼ ሳይሉ።

የቆርቆሮው ኩባያ በሳምንቱ ከማድቤቱ ኋላ ተገኘ። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ኩባያ ብቻ ነው የሚኖረን፣ የመጣ ሁሉ በሱ ይጠጣል አልሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ አኮረፈች። አንዲት የመሥሪያ ቤት ሰው ሚስት ልጇን ብድግ አድርጋ «ዕቃ የሚለይ ሐኪም ቤት እፈልጋለሁ» ብላ ወጣች፤ ሦስት አራት ተከተሏት። ኃላፊው ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ችግሩ ሰላም ወዳድ መሆኑ ነው።

«ሲስተር፣ ሰው እየሸሸን ነው። እንደ ቀድሞው ብናደርገው ማን ይጎዳል?» አለኝ።

«ሐሊማ ተጎድታለች» አልሁት።

«ሐሊማ ማናት?»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ትዕግሥት ኖሮኝ ቁጭ ብዬ ባስረዳው ይሻል ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ ከመሸ ነው የማስበው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አቶ ፈንታሁን በበሩ ገቡ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ማተባቸው ከአንገታቸው በግልጽ እየታየ። ጥዋት ያልመጡት ጾም ስለሆነ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ነው። በሽተኛ መስለዋቸው አንዲት ሴት ወንበር ለቀቀችላቸው። አልተቀመጡበትም። ጥግ ላይ ልጇን ይዛ የምትታገል አንዲት የነገደ ወይጦ እናት ነበረች፣ እሷ እግር ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

«የጌታው ስም ማነው?»

«ኢብራሂም ነው አባባ።»

«ኢብራሂም። አልጠጣም አልህ?» ኩባያውን ከእጇ ተቀበሉ። ልጁ አፉን ያስጠጋበት፣ ልጋጉ ጠርዙ ላይ ያለ ኩባያ ነው። አዙረው እንኳ አላዩትም፤ ፉት አሉና ከንፈራቸውን መጠመጡ። ክፍሉ ሁሉ ያያቸዋል። እንደገና ፉት አሉ። በሦስተኛው ኢብራሂም ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ።

ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። «አጥቢውና ለዚያች ልጅ ቅጂላት» አሉኝ፣ ወንበር የለቀቀችላቸው ሴት የያዘቻትን ልጅ በከዘራቸው እያሳዩ። ሴትዮዋ አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ አየች፣ ኩባያውን አየች፣ ልጇን አየች። ተቀበለች።

ያን ክረምት ከረቡዕም ከዓርብም አልቀሩም። የንስሐ አባታቸው ጠርተው ስለ ኩባያው እንደ ጠየቋቸው ኋላ ሰማሁ። «ምን አሏቸው?» አልኋቸው። «ልጁ ጠጣ አልኋቸዋ» አሉኝ። የሄዱት እናቶች አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ልጅ ሲታመም ኩርፊያ አይበረክትም። ለካርዱም ዘዴ ተገኘ። የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ «ከትልቁ ሾላ በታች»፣ «ከታንኳው ማሰሪያ ጎን» እያልሁ መጻፍ ጀመርሁ። ኃላፊው አንድ ቀን ገልጦ አነበበና ብዙ ሳቀ፣ ከዚያ ማኅተሙን አደረገበት። ከዚያ ወዲያ ቁጥር የለህም ተብሎ የቆመ አልነበረም። እንዲህ ቀላል ነበር። ቀላል መሆኑ ራሱ ያናድደኛል።

በወር አንድ ቀንም የክትባት ሣጥኔን ይዤ ሾላው ሥር መቀመጥ ጀመርሁ፣ ወንዛዬ እንደተማርሁት። ሕፃናቱን ክንዳቸውን በመለኪያው ጥብጣብ እለካለሁ፤ አረንጓዴ ከሆነ፣ ማለት ልጁ ካልከሳ፣ እናቲቱ ከእኔ በፊት ትስቃለች። ዘይነባ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያ መጣች። ልጅ ወልዳለች፣ ወንድ ነው፣ ኑሩ። ልጁን የያዙት ግን እሷ ሳትሆን እማማ ፋጡማ ናቸው፤ ያቺን ቀን አጠገቧ የነበሩት ሴት አማቷ ኖረዋል። ዘይነባ ከኋላቸው ቆማለች። በእጇ ኩባያ ይዛለች።

«ለክትባት እኮ ኩባያ አያስፈልግም» አልኋት።

«ይኑር እመቤት፣ ድንገት ብትሉኝ። ያኔ ዘግይቼ ነው እንዲያ የሆነው» አለችኝ። ቅሬታ አይደለም፤ እንደማስተዛዘን ነው ያለችኝ። እማማ ፋጡማ ፊታቸውን አዞሩ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። መርፌውን በልጁ ጭን ወጋሁ፣ ጥጥ ያዝሁበት፣ «በሚቀጥለው ወር» አልሁ። በሚቀጥለውም ወር ኩባያውን ይዛ መጣች። ኑሩ ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁለቱ እስኪጨርሱ ድረስ ይዛ መጣች። እኔም ትንፋሻቸውን ቆጠርሁ፣ ክብደታቸውን ጻፍሁ፣ አፌን ዘጋሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፣ እነዚያን ልጆች እወዳቸዋለሁ፤ ብናገር ማንም እናት ሾላው ሥር የማይመጣ መሰለኝ። እንዲህ እያልሁ ነው ራሴን የደለልሁት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

አቶ ፈንታሁን በሄድሁ ቁጥር «ነገርሻት?» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሳሉ፣ ትንፋሻቸውን ቁጭ ብዬ ስቆጥር ዓይናቸውን ገለጡ። ሙሉ ደቂቃውን መቁጠሬን አዩ መሰለኝ ፈገግ አሉ። ያን ቀን አልጠየቁኝም። ከሳምንት በኋላ አረፉ። ሳይጠይቁኝ መሞታቸው እስካሁን ይከብደኛል።

እንግዲህ የሽኝቱ ማግሥት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ጋወን የለ፣ ሣጥን የለ፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ። የዘይነባ ቤት ዛሬ ቆርቆሮ ለብሷል። እሷም ጎልማሳ ሆናለች፣ ደጃፉ ላይ ቅርጫት ትሰፋለች። አሊ በስተጓሮ ደንገል ይቆርጣል፤ እማማ ፋጡማ ትንሽ ራቅ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወንበር አወጣችልኝ።

«በሰላም ነው ሲስተር? ጡረታ ወጡ ሲሉ ሰማን።»

«ወጣሁ። ዘይነባ፣ ስለ ሐሊማ ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

እጇ ቆመ። «ስሟን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። ያን ቀን ኩባያ አምጭ ያልሁሽ ኩባያ ጠፍቶ አይደለም። መደርደሪያው ላይ ነበረ። ታጥቦ ነበረ። የእናንተ አይደለም ብዬ ነው ያልሰጠሁሽ። ልጅቱ እንደመጣች ብትጠጣ ትተርፍ ነበር።»

«ነበረ?» አለች።

«ነበረ።»

ከዚያ ቅርጫቱን እያየች ተናገረች። «የኛ ቤት ኩባያ ጠርዙ የተሸረፈ ነበረ። ይህን ብወስድ ይጸየፉኛል፣ ለልጄም አይቀዱላትም አልሁ። ደኅና ኩባያ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርሁ። አንዷ ሙሽራ ነበረች፣ ከሣጥኗ አውጥታ አዋሰችኝ። እናታችን» አለች ወደ እማማ ፋጡማ በአገጯ እየጠቆመች፣ «ይበቃል፣ የተሸረፈውን ያዥ እያሉኝ ነበረ። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ።»

«አልዘገየሽም» አልኋት። እንባዬ ቀደመኝ።

«ምነው ዘገየሽ አሉኝ እኮ።»

«ብያለሁ። ማለት አልነበረብኝም። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«እናታችን ሰሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩባያ ስትመርጥ ልጅ ያስገደለች ነኝ በዚህ ቤት። የወለድኋቸው ሲታመሙ ታቅፌ ሐኪም ቤት ሂጄ አላውቅም፤ እሳቸው ናቸው የሚይዟቸው።» ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች። ይቅር እንድትለኝ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላለችም። ክንዴን ያዘችኝ፤ ጠንከር አድርጋ።

«ይድገሙልኝ» አለችኝ። «እሳቸው ባሉበት። አሊም ባለበት።»

አሊን ጠራችው። ቢላውን እንደያዘ መጣ። እማማ ፋጡማ ፊት ቆምሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። ጆሯቸው ደክሟል፣ አልሰሙኝም። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አደረጉ። ጮክ ብዬ እንደገና ጀመርሁ፤ ኩባያው እንደነበረ፣ እኔ እንደከለከልሁ፣ ልጅቱን የገደለው መዘግየቷ እንዳልሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ሰማ። አሊ ቢላውን መሬት ላይ አኖረና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እማማ ፋጡማ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ከዚያ አንገታቸውን አዙረው ዘይነባን አዩዋት፣ የተቀመጡበትንም ሰሌን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጭ» አሏት።

ሄደችና አጠገባቸው ተቀመጠች።